ለመሆኑ ማን ነበር የፈለገው?

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባች ፍሬሽ ናት። የደረሳት እዚሁ ድሬዳዋ ነው። እሑድ እሑድ ሳቢያን ወዳለው ቤቴ ትመጣለች። ልብሷን ታጥባለች፣ የቤት ምግብ ትበላለች፣ ከዚያ ቬንትሌተሩ ሥር ተጋድማ ታወራኛለች። ባለፈው ወር አንድ እሑድ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ድንገት ጠየቀችኝ።

«አክስቴ፣ አንቺ ግቢ እያለሽ ትጠጪ ነበር?»

«አይ፣ ብዙም አይደል» አልኳት።

ዋሸኋት። ፊቴን ወደ ሽንኩርቱ አዞርኩ፤ እሷም ወሬ ቀየረች። ማታ ከሄደች በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጅቷ የጠየቀችኝ ልትፈርድብኝ ብላ አልነበረም። የሆነ ነገር ገጥሟት ነው። እኔ ደግሞ ገና ሳትገባ በሩን ዘጋሁባት። ይህን የምጽፈው ያን ቀን ልሰጣት የሚገባኝን መልስ ነው። ለእሷም፣ አርብ ማታ በደረሰ ቁጥር ሆዱ ለሚረበሽ ተማሪም ይሁን።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ድሬ የገባሁት በ2005 ዓ.ም. ነው። አውቶቡሱ ደንገጎን አልፎ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት መውረድ ሲጀምር ሹራቤን አወለቅሁ። ከዚያ በኋላ ግቢ ውስጥ ለብሼው አላውቅም።

መጠጥ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። እኛ ቤት ለሚካኤል ጠላ ይጠመቃል። ጌሾ መውቀጥና ጋን ማጠን የልጅነት ሥራዬ ነበር። ለእኛ ለልጆች ቅራሪ ይቀዳልናል። ጠላው ሲጠጣ ሥርዓት ነበረው፤ ዳቦ ይቆረሳል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ሲመሽ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። ሥርዓት ነበረው ስል ግን ሁሉም ነገር ደህና ነበር ማለቴ አይደለም። አንዱ አጎቴ አረቄን በመለኪያ ጀምሮ በጠርሙስ ነው የጨረሰው። ስለ እሱ ቤታችን ውስጥ አይወራም ነበር። አሁን ሳስበው፣ ስለ መጠጥ መጀመሪያ የተማርኩት እሱን ነው፤ እንደማይወራ።

ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነበርን። በግቢ ወግ ሰው የሚጠራው በሀገሩ ነው፤ የጭሮዋ፣ የጅማዋ፣ የአዳማዋ፣ የባሕር ዳሯ፣ የሐዋሳዋ፣ እና እኔ፣ የደብረ ብርሃኗ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ሁለቱ ከመጠጡ ነገር ውጭ ሆኑ። የጭሮዋ ሙስሊም ናት፤ ማንም ጠይቋት አያውቅም። የጅማዋ «ጴንጤ ነኝ» አለች፤ በዚያው አበቃ። የቀረነው አራታችን ግን ምንም ምክንያት አልነበረንም።

ይህን ነገር ረጋ ብላችሁ አስቡልኝ። ግቢ ውስጥ ላለመጠጣት ፈቃድ የሚያስገኙት ሁለት ነገሮች ብቻ ነበሩ፤ ሃይማኖትና መድኃኒት። «አልፈልግም» የሚባል ምክንያት አልነበረም። «አልፈልግም» ያለች ልጅ ወዲያው «ለምን?» ትባላለች። ለዚህ ለምን መልስ የለውም። እኔ ሁለተኛ ዓመት ላይ ስንት ሳምንት «አንቲባዮቲክ ላይ ነኝ» እንዳልኩ አላስታውስም። የባሕር ዳሯ ደግሞ ዐቢይ ጾምን በጉጉት ትጠብቅ ነበር። እኛ ጸሎተኛ ስለሆነች ይመስለን ነበር። ለካ 55 ቀን እረፍት ነበር።

እምቢ ማለት የሚከብደው በክፋት ምክንያት ብቻ ቢሆን ይቀል ነበር። የእኛ ሀገር ግብዣ ፍቅር ያለበት ነው። «በሞቴ!» ይልሻል። «እኔ ልሙት፣ ይቺን ብቻ!» ይልሻል። እናቴ እንግዳ ስታጎርስ የምትለው ያንኑ ነው። ጉርሻን እምቢ ማለት ነውር እንደሆነ ሁላችንም እያየን አድገናል። ያው ቃል ግሮሰሪ ውስጥ ቢራ ላይ ሲውል እግርሽን ያስርሻል። ሰው ሞቱን ጠርቶ ሲለምንሽ ብርጭቆ መመለስ ልብ ይጠይቃል። በዚያ ላይ ዙሩ አለ። አንዷ ከከፈለች ሌላዋ ባለ ዕዳ ናት። እናቴ በወር የምትልክልኝ 400 ብር ነበር። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ለማልፈልገው ነገር እንደሄደ ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ደግሞ ባዶ ጠርሙሶቹ አሉ። አስተናጋጁ ለሂሳብ እንዲመቸው ጠረጴዛው ላይ ይተዋቸዋል። የሚያልፍ የሚያገድም ይቆጥራቸዋል። ትንሽ ጠርሙስ ያለበት ጠረጴዛ የፋራ ጠረጴዛ ነው። ፋራ የምትለዋ ቃል በዚያ ዕድሜ ምን ያህል እንደምታስፈራ አዋቂዎች ረስተነዋል። ከክፍለ ሀገር የመጣች፣ አነጋገሯ የሚሳቅበት፣ ጫማዋ የሚታይባት ልጅ ፋራ ላለመባል የማታደርገው ነገር የለም።

ለሴት ደግሞ ነገሩ በሁለት ጎን ነው የሚቆርጠው። ካልጠጣሽ ፋራ ነሽ። ከጠጣሽ ተበላሽታለች ትባያለሽ። ስለዚህ መሃሉን ፈለግን፤ ወይን ከኮካ ጋር። «የሴት መጠጥ» ይሉታል። ጣፋጭ ነው፣ ሽታው አይከብድም። እኔም ቀለል ያለ ነገር የምጠጣ ይመስለኝ ነበር። ሂሳቡን የሠራሁት ቆይቼ ነው። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ውስጥ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። 12 በመቶ የሆነ የ750 ሚሊ ሊትር ወይን ውስጥ ደግሞ 70 ግራም ያህል። አንዱ የወይን ጠርሙስ ከ5 ቢራ ይበልጣል ማለት ነው። ኮካው ጣዕሙን ይሸፍነዋል እንጂ አልኮሉን አያጠፋውም። የሴት ሰውነት ደግሞ ውሃው ከወንድ ያነሰ ነው። ስለዚህ ኪሎዋ ከወንድ እኩል የሆነች ሴት ያንኑ መጠን ብትጠጣ ደሟ ውስጥ የሚገኘው አልኮል ይበዛል። «የሴት መጠጥ» የሚለውን ስም ማን እንዳወጣለት አላውቅም። ለሴት አስቦ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።

የግቢው በር ማታ 3 ሰዓት ይዘጋ ነበር። የዘገየ ስሙ ይመዘገባል። ሐሳቡ እኛን ለመጠበቅ ነው። የሆነው ግን ሌላ ነው። ድሬ ፀሐይ እስክትበርድ አይወጣም። ከ12 ሰዓት በኋላ ወጥተሽ 3 ሰዓት ሳይሞላ መመለስ አለብሽ። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ይጠጣል። ሰውነት በሰዓት የሚያስወግደው አልኮል ከ7 እስከ 10 ግራም ቢሆን ነው፤ አንድ ቢራ እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። እኛ የአንድ ሌሊት የሚሆነውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ጨርሰን እየሮጥን ባጃጅ ውስጥ እንገባለን። ስካሩ የሚመጣው በሩን ካለፍን በኋላ፣ ዶርም ውስጥ ነው።

አሁን ወደማልወደው ቀን ልምጣ።

ተመራቂ ሆነን 100 ቀን ሲቀረን ነው። ይህ በየግቢው ይከበራል። ዝግጅቱ የጀመረው በቀን፣ በበርጫ ነው። ድሬ ጫት ከአወዳይ ትኩስ ትኩሱን ይደርሳል። የሚያነቃቃው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ስለሚደክም ነው ጥድፊያው። የአዳማዋ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ከክፍላችን ልጆች ጋር ስትቅም ዋለች። ሲመሽ ጨብሲ ተባለ። ጨብሲ ከኦሮምኛ የመጣ ቃል ነው፤ መሠረቱ መስበር ነው። የሚሰበረው ምርቃናው ነው። ጫቱ ያነቃሽን፣ እንቅልፍ የከለከለሽን፣ በአልኮል ታወርጂዋለሽ ይባላል።

ማንም ያልነገረን ነገር አለ። ጫቱ አልኮሉን አያጠፋውም። ስካሩን ነው የሚደብቀው። ነቅተሽ ስለምታወሪ፣ ዓይንሽ ስለፈጠጠ፣ ያልሰከርሽ ይመስልሻል። ስለዚህ ትጨምሪያለሽ። ምርቃናው ሲወርድ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል። እንቅልፉም ቢሆን ደህና እንቅልፍ አይደለም። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ ሌሊቱን ግን እየቆራረጠው ያድራል። በነጋታው የደከመው ሰው እንደገና ጫት ይፈልጋል። አንድ ሳምንት እንዲህ ያሳለፈ ተማሪ ለምን ክፍል ውስጥ እንደሚያንቀላፋ መጠየቅ አያስፈልግም።

የአዳማዋ በሩን በእግሯ አልፋ ገባች። ከጥበቃው ጋርም ተጨዋውታ ነበር። ዶርም ደርሰን አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች ወደቀች። ስሟን ብንጠራት አትመልስም። በጀርባዋ አስተኛናት። አንዷ ቡና እናጠጣት አለች። ሌላዋ ቀዝቃዛ ውሃ። እኔ እግሯን እያሻሸሁ ነበር። ለምን እግሯን እንደመረጥኩ አላውቅም። አምቡላንስ እንጥራ ያለ አልነበረም። ሁላችንም በውስጣችን የምናስበው ዲሲፕሊንን ነው። 100 ቀን ቀርቶናል። ብንባረርስ?

ዶርሙን የምትቆጣጠረውን ፕሮክተራችንን የጠራቻት የጭሮዋ ልጅ ናት። እኛን አላስፈቀደችም። እማማ፣ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራት፣ ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ መጣች። የድሬ ሴት ናት፤ ስትቆጣ አማርኛውም ኦሮምኛውም ይደባለቅባታል። «አቦ፣ ዞር በሉ! በጀርባዋ አስተኝታችሁ ልትገድሏት ነው?» አለችን። በጎኗ አገላበጠቻት። ከላይ የዋለውን ጉልበቷን አጠፈችው፤ ጉንጯን በእጇ መዳፍ ላይ አሳረፈችው። ደቂቃም አልቆየ፣ የአዳማዋ አስታወከች። በጀርባዋ እንዳለች ቢሆን ኖሮ ትታነቅ ነበር። እማማ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን እየቆጠረች አነጋች። እኛንም አላስተኛችንም። «ጓደኛ ማለት ቀድቶ የሚያጠጣ ብቻ ነው እንዴ?» አለች አንድ ጊዜ። ሌላ አልተናገረችም።

በኋላ የተማርኩትን እዚህ ልጻፈው፤ ምናልባት አንድ ዶርም ውስጥ ያስፈልግ ይሆናል። ቢጠሩት፣ ቢቆነጥጡት የማይነቃ ሰው፣ በደቂቃ ከ8 ጊዜ በታች የሚተነፍስ፣ በትንፋሽና በትንፋሽ መካከል 10 ሰከንድ የሚቆይ፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም ሰውነቱ የቀዘቀዘ፣ ያንቀጠቀጠው ሰው ሐኪም ቤት ነው መሄድ ያለበት፤ በዚያው ሰዓት። ብቻውን አይተውም። በጎኑ ይተኛል። ቡና አያድነውም፤ ቀዝቃዛ ሻወርም እንዲሁ። እንዲያስታውክ ጣት አይከተትም። ከሁሉም በላይ ቅጣት ፈርቶ ዝም ማለት አይገባም። ግቢዎችም ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። ለጓደኛዋ እርዳታ የጠራች ልጅ እንደማትቀጣ በግልጽ ቢነገር፣ እኛ ያን ሌሊት ግማሽ ሰዓት እግር ስናሻሽ አንቆይም ነበር።

ተመረቅን፤ ተበታተንን። እኔ ሥራ እዚሁ አግኝቼ ቀረሁ። ድሬ አንዴ ከለመደችሽ አትለቅሽም።

በ2014 ዓ.ም. የጭሮዋ ልጅ አገባች። ሰርጉ እዚህ ድሬ ነበር፤ ሁላችንም መጣን። የሙስሊም ሰርግ ነው፤ አልኮል የሚባል ነገር የለም። ብርዝ አለ፣ ኮካ፣ ሚሪንዳ። አራታችን አንድ ጠረጴዛ ከበብን። ያን ያህል የሳቅኩበትን ማታ አላስታውስም። ዘፈኑም ጭፈራውም እኩለ ሌሊት ድረስ አላበቃም። መሃል ላይ የባሕር ዳሯ ሚሪንዳዋን እያየች እንዲህ አለች።

«ታውቃላችሁ? እኔ የቢራ ሽታ እንኳ አልወድም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ትጠጪ ነበር?» አልኳት።

«እናንተ ስለምትወዱ ነዋ!»

ዝም አልን። እኔ ሽታውን ብቻ አይደለም፣ ሙዚቃውንም፣ ወንዶቹ ጠርሙስ ሲቆጥሩ የሚያሰሙትን ጩኸትም አልወድም ነበር። ግን እነሱ የሚወዱት መስሎኝ ነበር። የአዳማዋም አለች፤ «እኔ እኮ ከዚያ ሌሊት በፊትም እፈራ ነበር። እናንተን ላለማስቀየም ነው።» ሦስት ዓመት። በየአርቡ። ሦስታችን አንዳችን ሌላችንን ለማስደሰት ስንል ማናችንም የማንፈልገውን ቦታ እንሄድ ነበር።

ይህ የእኛ ዶርም ጉድ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ዲቦራ ፕሬንቲስና ዴል ሚለር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የሠሩትን ጥናት አሳተሙ። ተማሪዎቹን ስለ ግቢው የመጠጥ ልማድ ጠየቋቸው፤ አንተ ምን ይሰማሃል፣ ሌላው ተማሪስ ምን የሚሰማው ይመስልሃል? ተማሪዎቹ ራሳቸው ብዙም እንደማይመቻቸው፣ ሌላው ግን እንደሚመቸው መለሱ። ሁሉም ስለ ሌላው ያንኑ ካለ ግን ያ «ሌላው» የሚባለው ማን ነው? ይበልጥ የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ሴሚስተሩ እየገፋ ሲሄድ ወንዶቹ አመለካከታቸው ወደዚያ «የሁሉም» ወደመሰላቸው እየተጠጋ ሄደ። ሴቶቹ ላይ ይህ አልታየም። በውስጣቸው ያው እንደነበሩ ቀሩ። ይህን ሳነብ እኛን አየሁ። ሦስት ዓመት ጠጥቼ አንድም ቀን አልወደድኩትም። ብቻዬን የቀረሁ ይመስለኝ ነበር። ከእኔ ሁለት ክንድ በማይርቅ አልጋ ላይ ግን ያንኑ የምታስብ ልጅ ተኝታ ነበር።

እስካሁን ያልኩት ስለ ሦስታችን ነው። አራተኛዋ ጠረጴዛው ላይ ዝም ብላ ነበር።

የሐዋሳዋ ልጅ ግቢ ውስጥ ዝነኛ ነበረች። ጠጥታ አትሰክርም። ወንዶቹ ሁሉ ይተኛሉ፣ እሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። «ጀግና ናት!» እንል ነበር። እንኮራባት ነበር። እኔ ራሴ ለሌላ ዶርም ልጆች ስንት ጠርሙስ እንደጠጣች እንደ ጀብዱ አውርቻለሁ። ዛሬ የማውቀው ሌላ ነው። ብዙ ጠጥቶ አለመስከር ጥንካሬ አይደለም። ሰውነት መልመዱን የሚናገርበት መንገድ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ የአደጋ ምልክቶችም አንዱ ነው።

ሦስታችን ተናዝዘን ስንጨርስ ቀና አለች።

«እኔ ግን እወደው ነበር» አለች። «ችግሩ እሱ ነው።»

ከዚያ ነገረችን። ሁለተኛ ዓመት ላይ ከእኛ ጋር ከጠጣችው ሌላ ብቻዋን መጠጣት ጀምራ ነበር። የውሃ ኮዳዋ ውስጥ አረቄ ትይዝ ነበር። ከተመረቀች በኋላ ሥራ ጀመረች፤ ጠዋት ጠዋት እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳትቀምስ መጻፍ አትችልም። አንድ ታኅሣሥ ከዘመዶቿ ጋር ቁልቢ ሄዳ ተሳለች። ከስለቱ በኋላ በራሷ ድንገት አቆመችው። በሁለተኛው ቀን አንቀጥቅጧት ወደቀች። ሐኪም ቤት የወሰዷት ዘመዶቿ ናቸው። ዕለት ዕለት ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ሕይወቱም አደጋ ላይ ሊወድቅ እንደሚችል፣ በሐኪም ክትትል ማቆም እንዳለበት የሰማችው ያኔ ነው። «ገብርኤል ወደ ሐኪሙ መራኝ» ትላለች። እኔም አልከራከራትም። ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። «ሀገሬን ብቻ ጥቀሺ፤ ሐዋሳ ትልቅ ነው» አለችኝ።

ያን ማታ የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ለምን አልነገርሽንም?»

«ምን ብዬ?» አለች። «ሁላችሁም ትጠጡ ነበር። ከእናንተ የተለየሁ አልመሰለኝም።»

ይህ ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም። ሦስታችን የማንወደውን እንደምንወድ ሆነን ነበር። ጉዳቱ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ገንዘብ፣ ጊዜ፣ ራስ ምታት። ለካ የእኛ ማስመሰል ለእሷ መሸሸጊያ ነበር። እኛ «አንወድም» ብለን ቢሆን ኖሮ ጠረጴዛው ላይ ብቻዋን ትቀር ነበር። ብቻዋን ስትቀር እኛም እናያት ነበር፤ እሷም ራሷን ታይ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኦዲት የሚባል መጠይቅ አለ። 10 ጥያቄ ነው፤ ከ40 ይያዛል፤ 8 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው የመጠጥ ልማዱ ሊያሳስበው ይገባል። ምን ያህል ጊዜ ትጠጣለህ፣ ጀምረህ ማቆም አቅቶህ ያውቃል፣ ጠዋት ሳትጠጣ መንቀሳቀስ አቅቶህ ያውቃል ይላል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዶርማችን በር ላይ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ እያልኩ አስባለሁ።

አንዳንድ ሰው ዘመኑ ተበላሸ ይላል። እኔ እንደዚያ አላይም። እንዲያውም ሕጉ ዛሬ ይሻላል። እኛ ስንማር ኳስ በታየ ቁጥር የቢራ ማስታወቂያ ነበር፤ መንገዱም ሰሌዳው ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ያንን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከመንገድ ዳር አወረደው። ዕድሜው ከ21 በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥንም ከለከለ። አብዛኛው ፍሬሽ 18፣ 19 ነው። ስለዚህ ለእህቴ ልጅ ግሮሰሪ ውስጥ ሊቀዳላት አይገባም። መታወቂያ የጠየቃት ግን እስካሁን የለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ይበልጥ ሌላ ነው። ሙዚቃ ያለበት፣ አየሩ የሚነፍስበት፣ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ሲመሽ የሚቀመጥበት ቦታ የት ነው? ድሬ ለዚህ የተፈጠረች ከተማ ናት። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ዛፎች ሥር ማታ መሄድ ያህል ደስ የሚል ነገር የለም። ሻይ አለ፣ ሳምቡሳ አለ፣ ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ አለ። ሐረር ቢራን የሚጠምቀው ፋብሪካ እንኳ ሶፊ የሚባል አልኮል የሌለበት መጠጥ ያመርታል። ይህች ከተማ የማይጠጣ ሰው የሚያመሽበትን መንገድ ድሮም ታውቃለች፤ ብዙ ነዋሪዋ እንደዚያ ነው የሚኖረው። የጭሮዋ ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ከእኛ የበለጠ ተዝናንታ ነው የተመረቀችው። እኛ ግን አንድም አርብ ከእሷ ጋር ልሂድ ብለን አናውቅም። «እሷ አትጠጣም» ብለን እንተዋት ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ጤና አይጎዳም ሊባል የሚችል የአልኮል መጠን የለም ብሏል። እውነት ነው፤ እቀበለዋለሁ። እኔ ግን ዛሬም ደብረ ብርሃን ስሄድ እናቴ ለሚካኤል የጠመቀችውን አንድ ጣሳ እጠጣለሁ። ወድጄ ነው የምጠጣው። ይህንንም ለእህቴ ልጅ አልደብቃትም። እንድታውቀው የምፈልገው ልዩነት አለ፤ እኔ ግቢ እያለሁ የጠጣሁት ሁሉ ወድጄ አልነበረም።

ባለፈው እሑድ ስትመጣ ልብሷን ሳታጥብ አስቀመጥኳትና ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ሽንኩርቱም ቀን ይቅርታ ጠየቅኋት። አቋርጣ አልጠየቀችኝም። ስጨርስ፣ «አርብ ዌልካም ፕሮግራም አለን። ከዚያ ሁሉም ሊወጡ ነው» አለች።

«ሁሉም ሲባል ማን?»

አሰበች። ዶርማቸው ውስጥ ስምንት ናቸው። በጣቷ ቆጠረች፤ ሁለት ላይ ቆመች። «የሌሎቹን አላውቅም» አለች። «ጠይቄያቸው አላውቅም።»

አርብ ማታ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ በስልክ ድምፅ ላከችልኝ። ከዚራ ናቸው። ከኋላ ባጃጅ ይሰማል፣ ሴቶች ይስቃሉ። «አክስቴ፣ ሦስቱን ጠየቅኋቸው። ከሦስቱ ሁለቱ አብረውኝ መጡ፤ ሙሸበክ እየበላን ነው። ሌሎቹ ሄደዋል። አንዷን ግን...» እዚህ ጋ ድምፅዋን ቀነሰች። «አንዷን ግን ሳልጠይቃት ቀረሁ። ሁልጊዜ ቀድማ የምትወጣው እሷ ናት። ስትመለስ ነቅቼ እጠብቃታለሁ።»